ዳቦ አልበላም ያለው ጣረ ሞት

የእኛ ቀበሌ ፊልም የሚያሳየው ስብሰባ ላይ ሰው ሲጠፋበት ነበር። ዝም ብሎ ስብሰባ ከተባለ አንዱን ያመዋል፣ አንዱ ለቅሶ ይደርሳል። ከስብሰባው በኋላ ፊልም አለ ከተባለ ግን የታመመውም ቀድሞ መጥቶ ወንበር ይይዛል። ፊልሞቹ ከወዳጅ አገሮች የሚመጡ ነበሩ። ያው ትራክተር ነው፣ ስንዴ ነው፣ የብረት ፋብሪካ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሁሉም ሰው ይስቃል። እኛም አብረን እንስቃለን፣ በምን እንደሆነ ባናውቅም።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በምን ስሕተት እንደሆነ እንጃ፣ ከሳጥኑ የወጣው ሌላ ሆነ። አገሩ በሙሉ በረዶ ነው። አንድ አውቶቡስ በዚያ በረዶ መሐል ይሄድ ይሄድና መንገዱ ይዘጋበታል። ተሳፋሪዎቹ ወርደው አንድ ባዶ ቤት ይገባሉ። ከመካከላቸው አንዱ ገና ጉዞው ሳይጀመር የሞተ ሰው ነው፤ ማን እንደሆነ ግን አያውቁም። ሌሊት ሌሊት በሩ ብቻውን ይከፈታል፣ ጠዋት ሲቆጠሩ አንድ ሰው ይጎድላል። አዳራሹ ውስጥ ትራክተሩ ይመጣል እያለ የሚጠብቅ ነበር፤ አልመጣም።

ፊልሙን የሚተረጉምልን አንድ የሰፈራችን ሰው ነበር። የቧንቧ ሥራ ሊማር ወደ ወዳጅ አገር ተልኮ የተመለሰ ነው። ማይክራፎን ይዞ ከሸራው ጎን ይቆምና፣ ሰዎቹ ብዙ ሲያወሩ ጥቂት፣ ጥቂት ሲያወሩ ደግሞ ብዙ ይነግረናል። በዚያ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሙት በሦስት ነገር ይታወቃል ይላሉ ሽማግሌው» አለ። «አንደኛ እጁ በረዶ ነው። ሁለተኛ ቅዱስ ስም ሲጠራ ምላሱ ይያዛል። ሦስተኛ የሰው ዳቦ አይበላም።» ከዚያ ሸራው ላይ ዳቦ ተቆረሰ፣ ሁሉም በሉ፣ አንዱ አልበላም። አዳራሹ ቀጥ አለ አሉ።

አሉ የምለው እኔ ስላላየሁት ነው። አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፤ ግን ከፊቴ አንዲት ልጅ ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋ ወደ ትከሻዋ ሲንሸራተት ማጅራቷ ይታየኛል። ፊልሙ ሁሉ ለእኔ እሱ ነበር።

ልጅቷ በቀበሌው ሱቅ ስኳር የምትመዝን ነበረች። እኔ የማኅበሩን አሮጌ የጭነት መኪና እነዳለሁ፤ ሱቁ ዕቃ ሲመጣለት የማደርሰው እኔ ነኝ። ትምህርቴ ከፊደልና ከዳዊት አላለፈም፤ እሷ ግን ስኳር ስትመዝንልኝ እጇ ይከብድ ነበር። በዚህ ተግባባን። የቀረን የእናቷ እሺታ ነው። እናቷ ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ ቤቱን በአንድ እጃቸው ይዘው የኖሩ ሴት ናቸው፤ በሌላው እጃቸው ደግሞ ሰፈሩን። በዚያው ቅዳሜ ማታ ሽማግሌ ልልክ መሆኔን ስትነግራቸው፣ «መጀመሪያ ልየው» አሏት። «ነገ ዛፍ ተከላ አይደል? ሰው ሥራ ላይ ይታያል።»

እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ይህን ስነግራት ቁጭ አድርጋ መከረችኝ። «አማትህ ፊት አፍህን እንዳትከፍት። እንካ ሲሉህ፣ በልቻለሁ በል። ደግመው እንካ ቢሉህም በልቻለሁ በል። በሦስተኛው፣ በሞቴ ሲሉህ፣ ያን ጊዜ ቆንጥረህ፣ አፍህን በእጅህ ከልለህ። ለሆዳም ልጁን የሚድር የለም።» ምክሯን እንደ ውዳሴ ማርያም ሸመደድኩት።

እሑድ ማለዳ ቀበሌው በሙሉ ችግኝና አካፋ ይዞ በእኔ መኪናና በሌላ አንድ መኪና ወደ እንጦጦ ወጣ። ክረምት ነው፣ ጭቃው ጫማ ይበላል። ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ስቆፍር እናትየው ከሩቅ ያዩኛል። ቁርስ ሳልበላ ነበር የወጣሁት፤ ምሳ ሲበላም ራቅ ብዬ ሞተር የምነካካ መስዬ ዋልኩ። ሆዴ ይጮኻል፣ እኔ ግን እየተሳካልኝ ነው ብዬ ደስ ብሎኛል።

ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። ሕዝቡ በፊተኛው መኪና ተጨናንቆ ወረደ፤ ዕቃ ስንሰበስብ የዘገየን ጥቂቶች በእኔ መኪና ቀረን። እናትየው፣ ልጅቷ፣ ሁለት ጎረቤት ሴቶች፣ ከካራ በኩል መጥቶ ሰፈራችን ሱቅ የከፈተ አንድ ሙስሊም ጎረቤታችን፣ እና አስተርጓሚው። ለካ አስተርጓሚው የእናትየው ታናሽ ወንድም ነው። እንግዲህ የልጅቷ አጎት መሆኑ ነው።

ቁልቁለቱን ግማሽ እንደሄድን በረዶ ጣለ። እንዲህ ያለ በረዶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም፤ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል ነው። ባንድ አፍታ መንገዱም ባሕር ዛፉም ነጭ ሆነ። ጉም ወርዶ ከተማዋን ሸፈናት። የኋላ ጎማ ቦይ ውስጥ ገባ፣ ሞተሩ ውኃ ጠጣና ጸጥ አለ። በእጅ በሚዞረው ማኒቬላ ሞከርኩ፣ እምቢ። ሰዎቹ ኋላ ሸራው ሥር ተጠግተው ሲቀመጡ፣ እኔ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ አጥልቄ ከጎማው ሥር ድንጋይ ልደለድል ወረድኩ።

እነሱ እዚያ ምን እያሰቡ እንደሆነ እኔ አላውቅም። ትናንት ያዩት ፊልም ዛሬ ውጭ ቆሟል፤ በረዶው አለ፣ መኪናው ቆሟል፣ መንገደኞቹም እነሱ ናቸው። ከመሸ ደግሞ ሰዓት እላፊ አለ፣ ሊፈልገን የሚመጣ የለም። አንዷ ጎረቤት አንገቷን አስግጋ የሰው ቁጥር ስትጀምር ሌላዋ፣ «ተይ፣ አትቁጠሪ» አለቻት አሉ።

እኔ በዚህ መሐል ሥራዬን ጨርሼ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አልኩ። ጆንያው በበረዶ ነጭ ሆኗል፣ ቅንድቤም እንዲሁ። ማንም አልጮኸም። ሁሉም ወደ ውስጥ ሸሸት አሉልኝ። ቦታ የለቀቁልኝ መሰለኝና አመስግኜ ወጣሁ።

እናትየው ከዘንቢላቸው ድፎ ዳቦ አወጡ። ለሁሉም ቆረሱ፣ ሁሉም በላ። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጉ።

«እንካ፣ አንተ ልጅ።»

«በልቻለሁ፣ እትዬ።»

«የት?» አሉኝ። «ከጠዋት ጀምሮ ከዓይኔ አልጠፋህም። የት በላህ?»

ለዚህ አክስቴ ምንም አላዘጋጀችልኝም። እሳቸው ዳቦውን እጄ ላይ ሊያስይዙኝ ሞከሩ፤ ጣታቸው ጣቴን ሲነካ ወደ ኋላ ሳቡት። ድንጋይና በረዶ ስይዝ የቆየሁ ሰው ነኝ፣ እጄ ምን ሊሆን ኖሯል?

«በልቻለሁ» አልኩ ለሁለተኛ ጊዜ፤ በልቤም አንድ ቀረኝ አልኩ።

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እኔ ምንም አላልኩም» አለ። ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ከዚያ ጥያቄ ጀመረኝ። አባቴ በሕይወት መኖራቸውን ጠየቀኝ፤ አርፈዋል አልኩት። እናቴንም ጠየቀኝ፤ አርፈዋል አልኩት። «አንተስ?» አለኝ። ጥያቄው ግራ ቢገባኝም የዘር ቆጠራ መስሎኝ፣ እኔ እንኳ ከአክስቴ ጋር ነኝ ብዬ በትሕትና መለስኩ። ሴቶቹ ተያዩ።

እናትየው ነጠላቸውን ጠበቅ አደረጉ። «እስቲ በስመ አብ በል» አሉኝ።

ይኸው ደረሰ፣ ሃይማኖቴን ሊመረምሩ ነው አልኩ። በዚህ እንኳ አልታማም፤ የየካ ሚካኤል ቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። ዳዊቱን ሁሉ ልወጣላቸው ተዘጋጀሁ። ግን ጥርሴ በብርድ ይንቀጫቀጫል፣ ከአፌ የወጣው «በስ... በስ...» ብቻ ሆነ።

«ፊልሙ ላይም የተያዘው እዚህ ጋ ነው» አለ አጎትየው።

ባለሱቁ ዳቦውን እያላመጠ በረጋ ድምፅ፣ «ወላሂ፣ ይኼ ሰውዬ ጅን ቢሆን ኖሮ መኪናውን በቀንዱ ገፍቶ ሰፈር ያደርሰን ነበር» አለ። «ሁለት ሰዓት ሙሉ ድንጋይ የሚሸከም ጅን አይቼ አላውቅም። ይኼ እንደኛው ምስኪን ነው።»

ያን ጊዜ ነው ልጅቷ የገባት። ሳቋን በነጠላዋ አፍና ወደ እኔ ዘንበል አለች። «ብላ» አለችኝ በሹክሹክታ። «የሞትክ መስሏቸዋል።»

አየሁ እንግዲህ። ካልበላሁ ሙት ነኝ፤ ለሙት ልጁን የሚድር የለም። ከበላሁ ደግሞ ሆዳም ነኝ፤ ለሆዳምም አይዳርም። መውጫዋ አንዲት ቀዳዳ ሦስተኛዋ ጥሪ ናት፣ እሷ ደግሞ አልመጣችም። እናትየው ዳቦውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። እኔም ዳቦውን አየዋለሁ። በዚህ ዓለም ላይ እንደዚያ ያለ የሚያምር ዳቦ አላየሁም፤ ዳር ዳሩ የኮባ ቅጠል መስመር አለው። ሆዴ በረዥሙ ጮኸ። ያንንም ከወዲያኛው ዓለም የመጣ ድምፅ አድርገው ይሆናል የሰሙት።

«እማዬ» አለች ልጅቷ፣ «በሞቴ በይው።»

«ሙትን በሞቴ ማለት ደግ አይደለም» አለ አጎትየው።

እናትየው መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ። ፊቷ ላይ ምን እንዳነበቡ አላውቅም፤ እናት ናቸው፣ ያነባሉ። ቀጥለው እኔን አዩ። ከዚያ ተነሥተው፣ እየፈሩ፣ ዳቦውን ቆርሰው አፌ ድረስ አመጡት።

«በሞቴ» አሉኝ።

ጎረስኩ። አክስቴ ቆንጥር ብላኝ ነበር፣ አፍህን ከልል ብላኝ ነበር። ሁለቱም ጠፉብኝ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳልውጥ እጄ ብቻውን ሄዶ ሁለተኛውን ያዘ። እናትየው ጉሮሮዬን ትኩር ብለው እያዩ ነው፤ ሲወርድ ተከተሉት። ደግሞ ሲወርድ ተከተሉት።

«ሙትስ እንዲህ አይጎርስም» አሉ በመጨረሻ፣ የቀረውንም ዳቦ ከነዘንቢሉ ሰጡኝ። ባለሱቁ ሳቀ፣ ሴቶቹ ሳቁ፣ አጎትየውም ከሁሉ ዘግይቶ ሳቀ። ዳቦው ሲያልቅ ጥርሴ መንቀጫቀጡን ትቶ ነበርና፣ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብዬ ሙሉውን አልኩላቸው። አሜን አሉ፣ ባለሱቁም ጭምር።

በረዶው አባራ። ሁሉም ወርዶ ገፋ፣ መኪናው ከቦዩ ወጣ፣ በቁልቁለቱ ተንደርድሮ ሞተሩም ነቃ። ሰፈር ስንደርስ እናትየው ሲወርዱ እጄን ያዙ። ሞቆ እንደሆነ ለማወቅ ይመስለኛል።

«ሽማግሌዎችህን ስትልክ» አሉኝ፣ «አብልተህ ላካቸው። ለአንተ አንድ ድፎ አልቋል።»

አጎትየው በሠርጋችን ዕለት ጠጅ ሞቅ ሲያደርገው ወደ ጎን ወሰደኝ። ፊልሙ የተሠራው እሱ በተማረበት አገር ቋንቋ እንዳልነበረ ነገረኝ። አንዲት ቃል አልገባውም። ለቀበሌው ሊቀ መንበር ቋንቋውን አላውቀውም ማለት ፈርቶ ነው ማይክራፎኑን የያዘው። ስለ ሙት እጅና ስለ ሙት ምላስ የተናገረው ሁሉ ከራሱ ነው። «እና ያ ሰውዬ ዳቦ ያልበላው ለምን ነበር?» አልኩት። አሰበ፣ አሰበና፣ «እንጃ» አለኝ። «እሱም አማቱ አብረው ተሳፍረው ይሆናል።»

አማቴ እስኪያርፉ ድረስ ቤታቸው ስገባ በልቻለሁ ማለት አልተፈቀደልኝም። ልማዱን ደግሞ ለልጃቸው አውርሰዋል። አሁን አርጅቼ የምግብ ፍላጎቴ ሲቀንስ፣ ባለቤቴ ከገበታው ማዶ ሆና ጉሮሮዬን ታያለች። አንዳንዴ እውነትም አይርበኝም። ግን ያን ዐይን አውቀዋለሁና፣ በሞቴ ሳትለኝ ቶሎ እጎርሳለሁ።