ቦርሳ ስመርጥ የከረምኩበት ዓመት

ቢቸና ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህርት ነበርኩ። ትምህርት ቤቱ አንድ ላፕቶፕ ሰጥቶኝ ነበር። የተማሪዎች ውጤት፣ የፈተና ወረቀት፣ የመምህራን ድልድል ሁሉ እሱ ላይ ነው። የቢሮው ቁም ሳጥን ቁልፍ ከተበላሸ ስለቆየ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ፣ ከሥራ ስወጣ ይዤው እሄዳለሁ። ቤታችን ዳገቱን ወጥቶ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ያስኬዳል። ከተማው ውስጥ ባጃጅ በዝቶ ነበር፤ ግን በእኛ በኩል ያለው መንገድ ድንጋይ ብቻ ስለሆነ ሾፌሮቹ እሺ አይሉም።

ላፕቶፑ የመጣው ከነቦርሳው ነው፤ አንድ ማንገቻ ያለው፣ በትከሻ የሚንጠለጠል ጥቁር ቦርሳ። ጀርባዬን ማመም የጀመረኝም በዚያው ሰሞን ነው። ከትከሻዎቼ መካከል ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ እንደ ጥርስ ሕመም ውስጥ ውስጡን ይጠዘጥዘኛል።

ባለቤቴ የግብርና ባለሙያ ነው። የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን ገጠር ቀበሌዎች ውስጥ ያሳልፋል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ሳለ ስንቆራጠጥ አይቶ፣ «ምን ሆነሻል?» አለኝ።

«ቦርሳው ነዋ። ሁልጊዜ አንድ ትከሻ ላይ ሲንጠለጠል አጥንት ያጣምማል።»

«ሐኪም ቤት ደርሰሽ ለምን አትመጪም?»

«ለቦርሳ ሐኪም ቤት ይኬዳል እንዴ?»

ሁለታችንም ሳቅን። ነገሩ በዚያው ቀረ።

ሥራዬን በሥርዓት መሥራት የምወድ ሰው ነኝ። ጥሩ ቦርሳ ምን ምን ሊኖረው እንደሚገባ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ላፕቶፑ ለብቻው የሚገባበት ስፖንጅ ያለው ኪስ ይኑረው፤ ቻርጀሩ ስክሪኑን እንዳይጭረው ሌላ ኪስ ይግባ፤ የፈተና ወረቀት ሳይታጠፍ ይቀመጥ፤ የምሳ ዕቃዬ ከሁሉም ይራቅ። ማንገቻው ሁለት ይሁን፣ ሰፊ ይሁን። ይህን ስጽፍ ሕመሜን በከፊል ያዳንኩት መሰለኝ።

ቢቸና ገበያ ያሉትን ሱቆች አንድ በአንድ አየኋቸው። ያለው የልጆች የትምህርት ቤት ቦርሳ ነው፤ ሥዕል ያለበት፣ ቀይና ሰማያዊ። ከእነሱ ውስጥ ሥዕል የሌለውን አንዱን ገዛሁ። ማንገቻው ቀጭን ነው። ውስጡ መከፋፈያ የለውም፤ ላፕቶፑ ይንሸራተትና ቻርጀሩ ልክ የሚያመኝ ቦታ ላይ መጥቶ ይወጋኛል። ለእኔ ግን ይህ ማስረጃ ሆነኝ። በየቀኑ የሚወጋኝ ነገር በእጄ የሚዳሰስ ነገር ነው፤ ጥፋቱ የቦርሳው ለመሆኑ ሌላ ምን ይፈለጋል?

ፋርማሲ ገብቼ «የጡንቻ ሕመም ነው፣ ከባድ ዕቃ ስለምሸከም ነው» እያልኩ ማስታገሻ መግዛት ጀመርኩ። የሸጠችልኝን ልጅ አልወቅሳትም፤ ጠይቃኛለች፣ መልሱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

ዐቢይ ጾም ገባ። ከሳሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «ቲቸር፣ ጾሙን አጠበቅሽው መሰለኝ» ይሉኝ ነበር። አዎ፣ አጠበቅኩት እላለሁ። አመሻሽ ላይ ብርድ ብርድ ይለኛል፤ ነጠላዬን ደርቤ እቀመጣለሁ። ጠዋት ስነሣ የለበስኩት ልብስ በላብ ርሷል። ፋሲካ መጥቶ ሥጋ ሲበላም ሰውነቴ አልተመለሰም። ማንገቻው ከትከሻዬ እየወረደ ሲያስቸግረኝ ቦርሳው ሰፍቶኛል አልኩ እንጂ እኔ አንሻለሁ አላልኩም።

ሞጣ ታላቅ እህቴ አለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና አንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልብስ ሰፊ ነች። በስልክ ስለ ቦርሳዬ ሳማርራት፣ «እዚህ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከአዲስ አበባ ጥሩ ጥሩ ቦርሳ ያስመጣሉ፤ ነይና ራስሽ ምረጪ» አለችኝ። ለሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ በአውቶቡስ ሄድኩ። ጠጠሩ መንገድ እያነጠረ ሲወስደኝ የፊቱን ወንበር ጨብጬ ከንፈሬን ነክሼ ነበር የተጓዝኩት። እህቴ መናኸሪያ ቆማ ስትጠብቀኝ ፊቴን አይታ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ወሰደችው።

የሽማግሌው ሱቅ ጠባብ ናት። ቦርሳዎቹ ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል፤ ጫፉ ላይ ሽቦ ባለው እንጨት እያወረዱ አንድ በአንድ ያሳዩን ጀመር። እኔ ላፕቶፔን አውጥቼ በእያንዳንዱ ውስጥ አስገባለሁ፣ ዚፑን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ቻርጀሩን በየኪሱ እሞክራለሁ።

«ልጄ፣ እንዲህ አድርጎ ቦርሳ የሚመርጥ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ ሽማግሌው እየሳቁ።

«ጀርባዬን ስለሚያመኝ ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያው ይኸን ሞክሪው» ብለው አንድ ግራጫ ቦርሳ አወረዱልኝ። የፈለግኩት ሁሉ ነበረው። ጀርባው ወፍራም ስፖንጅ ነው፣ ማንገቻው መዳፍ ያህል ይሰፋል፣ ደረት ላይ የሚቆለፍ ማያያዣ አለው። አዘልኩት። እህቴ ከኋላዬ ሆና ማንገቻውን በልኬ ታስተካክል ገባች። የሰው ትከሻና ወገብ ስትለካ የኖረች ሴት ናት። «ቀጥ ብለሽ ቁሚ» አለችኝ።

«ቆሜያለሁ።»

«አልቆምሽም። ቀጥ በይ።»

እጇን በቦርሳውና በጀርባዬ መካከል አስገብታ ከላይ ወደ ታች አንሸራተተች። መሃል ላይ ስትደርስ ቆመች። እንደገና ዳሰሰች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«አጥንትሽ ወጥቷል። እዚህ ጋ ጉብ ብሏል።»

«ቦርሳው ነዋ የጎዳኝ! ለዚህ አይደል እንዴ የመጣሁት?»

«ቦርሳ አጥንት አያወጣም» አለች። ድምፅዋ ተለውጦ ነበር። «ነገ ጠዋት በሚኒባስ ባሕር ዳር እንሄዳለን። ሐኪም ያይሻል።»

የሚታረም የፈተና ወረቀት እንዳለብኝ፣ ፈቃዴ ሁለት ቀን ብቻ እንደሆነ ነገርኳት። አልሰማችኝም። ሽማግሌው ያወረዷቸውን ቦርሳዎች መልሰው መስቀል ጀመሩ። «ሥራሽን እኔ አልወስድብሽም፤ ግን ነገ እንሄዳለን» ስትለኝ ብው አልኩ። እንደ ልጅ የምትጎትተኝ መሰለኝ። ፈርቼም ነበር፤ ያኔ ግን ፍርሃት መሆኑን አላወቅኩም።

«ተዪኝ! እናቴ አይደለሽም» አልኳት።

እጇን ከጀርባዬ አነሣች። ቀድማኝ ከሱቁ ወጣች። ቦርሳውን ገዛሁ። ቤቷ አድሬ በማግስቱ ወደ ቢቸና ስመለስ ቁርሴን ቋጥራ ሰጠችኝ፤ ስንለያይም ጉንጬን ሳመችኝ። ዓይኔን ግን አላየችም።

አዲሱ ቦርሳ መጀመሪያ ላይ የተሻለ መሰለኝ። ሁለት ሳምንት ያህል ለሰው ሁሉ አሳየሁት፤ ይህ የላፕቶፑ ነው፣ ይህ የወረቀቱ፣ ይህ የፍላሹ። እህቴ ጋ ደውዬ «አየሽ? ተሽሎኛል» አልኳት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

ሕመሙ ሲመለስ ለእሷ አልነገርኳትም፤ ተሽሎኛል ብያታለሁና። ለባለቤቴም አልነገርኩትም። ማንገቻውን አሳጥረዋለሁ፤ ሳምንት ቆይቼ እንደገና አሳጥረዋለሁ፤ በመጨረሻ የሚሳብ ማሰሪያ አለቀ። ክረምቱ ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከቤት ብዙም አልወጣሁም። መስከረም ላይ ሥራ ስጀምር ዳገቱን ስወጣ ግራ እግሬ ድንጋይ ይመታል። ጫማዬ ወልቆ ጥቂት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ነው ባዶ እግሬን መሆኔን የማየው፤ መሬቱ አይሰማኝም ነበር። ይህንን እንኳ የድካም ነው አልኩት።

አንድ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለ እግሮቼ ከዱኝ። ማዞር የለው፣ ምን የለው፤ ብቻ ከወገቤ በታች ያለው ሰውነት የሌላ ሰው ሆነ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ የወደቀ ጠመኔ ላነሣ ያጎነበስኩ መስሏቸው ዝም ብለው ነበር። «አልችልም» ስል ነው ግር ብለው የተነሡት። ባለቤቴ ያለበት ቀበሌ ኔትወርክ አይደርስም። ርእሰ መምህሩ ከሁለት መምህራን ጋር ሆነው በብርድ ልብስ ተሸክመው ባጃጅ ውስጥ አስገቡኝ። የከተማው ጤና ጣቢያ ወደ ባሕር ዳር ላከኝና በሦስተኛው ቀን እዚያ ሐኪም ፊት ነበርኩ። እህቴ ከሞጣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍራ ከእኔ ቀድማ ደርሳ ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት። የጀርባዬን የራጅ ፊልም መብራቱ ላይ አድርጋ ብዙ ጊዜ ካየችው በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«ሕመሙ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ከዓመት አለፈ።»

«እስካሁን ምን አደረጉ?»

«ቦርሳ ቀየርኩ» አልኳት።

የምትስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም። ወንበሯን ወደ አልጋው ሳብ አድርጋ፣ የአከርካሪ አጥንት ቲቢ መሆኑን፣ አጥንቱን በልቶት መሃሉ እንደተደረመሰና ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ እንደተጫነው ቀስ ብላ አስረዳችኝ። «ቀደም ብሎ ቢታወቅ ኖሮ በመድኃኒት ብቻ ይድን ነበር» አለች። «አሁን ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። እግርዎ ምን ያህል እንደሚመለስ ግን ቃል ልገባልዎ አልችልም።»

እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። «ጎትቼ ማምጣት ነበረብኝ» አለች ለራሷ። «በእጄ ዳስሼው፣ በእጄ ነክቼው...» ሐኪሟ አልገባትም። እኔ ገብቶኛል፤ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ቀዶ ጥገናው ተደረገ። መድኃኒቱን ከዓመት በላይ ዋጥኩ። ከአንገቴ እስከ ወገቤ ድረስ የሚያጠብቅ ፕላስቲክ ድጋፍ አሰሩልኝ። ቀኝ እግሬ ተመለሰ፤ ግራው አልተመለሰም። በምርኩዝ እየጎተትኩት እሄዳለሁ። ባለቤቴ የመስክ ሥራውን ትቶ ቢሮ እንዲቀመጥ ለመነ። ወደ መጸዳጃ ቤት ደግፎ ይወስደኛል፤ ውሃ ያሞቅልኛል፤ አንድም ቀን ፊቱ ሲጠቁር አላየሁም። ድሮ ግን ከገጠር ሲመጣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ገበሬው፣ ስለ ወንዙ የሚያወራው አያልቅበትም ነበር። አሁን የሚያወራው የለውም። ይህንን የወሰድኩበት እኔ ነኝ።

ትምህርት ቤቱ አልጨከነብኝም። ዳገቱ ሥር ቤት ተከራየን፤ እኔም መዝገብ ቤት ጠረጴዛ ተሰጠኝ። ክፍሌን ሌላ መምህር ያዘ። ተማሪዎች መጥተው መስኮቱ ጋ ይቆማሉ፣ ትራንስክሪፕት ይጠይቁኛል፣ ሰጥቻቸው ይሄዳሉ። ስማቸውን ከወረቀት ላይ ነው የማነበው። ያስተማርኳቸው ተመርቀው ካለቁ በኋላ ቲቸር የሚለኝም ጠፋ።

እህቴ ከድጋፉ በላይ የሚለበስ ሰፊ ቀሚስ ልትሰፋልኝ መጥታ አንድ ሳምንት ተቀምጣ ነበር። ሜትሩን በጀርባዬ ስታዞር እጇ ያቺን ቦታ ሳይነካ ያልፋል። «ያን ቀን ሱቅ ውስጥ ያልኩሽ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ዝም በይና ቁሚ፤ ልኩ ይዛባል» አለች።

ቆምኩ። ግን ብዙ መቆም ስለማልችል ሳትጨርስ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። እሷም መርፌዎቹን ከአፏ አውጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሁለታችንም ነገሩን እንደገና አላነሣነውም።

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻው የሐኪም ቀጠሮዬ ነበር። ባለቤቴን ከሐኪሟ ክፍል ውጭ እንዲጠብቀኝ ነገርኩት። እግሬን በመዶሻዋ መታ መታ አደረገች፣ ጣቶቼን አነቃነቀች፣ ካርዱን ጻፈች። «ከዚህ በላይ የሚለወጥ ነገር አይኖርም» አለችኝ። «ከእንግዲህ መመላለስ አያስፈልግዎትም።» አመስግኜ ወጣሁ።

ባለቤቴ ከአግዳሚው ተነሥቶ ምርኩዜን አቀበለኝ።

«ምን አለችሽ?»

«ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል አለች።»

ፊቱ በራ። ስንት ወር ያህል ብሎ ጠየቀኝ። አልነገረችኝም አልኩት። አውቶቡስ ውስጥ ከገባን በኋላም ከብዙ ጊዜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ አወራ። የድሮው ቤታችን እንዳልተከራየ፣ እግሬ ሲጠና ወደ ዳገቱ እንደምንመለስ፣ ጓሮው ውስጥ ጌሾ እንደሚተክል ነገረኝ። እሺ አልኩት። ለነገረኝ ሁሉ እሺ አልኩት። እሱ እስከ ቢቸና ድረስ ሲያወራ፣ እኔ በሁለት እጆቼ ግራ ጉልበቴን ይዤ መንገዱ ሲያንገጫግጨን እንዳይንሸራተት እጠብቀው ነበር።