ሙሂዲን ይማም ያሳለፉት ጥይት

በተኩስ ሜዳ የምናውቃቸው ሁሉ ጋሽ ሙሂዲን የምንላቸው ኢንስፔክተር ሙሂዲን ይማም ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ጎንደር በሚገኘው ቤታቸው በልብ ሕመም አርፈው፣ የዚያኑ ዕለት ከአሱር ሶላት በኋላ ተቀብረዋል። ዜናውን ዘግይታችሁ ለሰማችሁ፣ በተለይም በየወረዳው ለተበተናችሁ የቀድሞ ባልደረቦቻችን፣ ይህን የምጽፍላችሁ በእሳቸው ሥር ለዓመታት የሠራሁ አንዲት ሳጅን ነኝ።

ጋሽ ሙሂዲን የነጋዴ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ ወንድሞቻቸውም በዚያው ጸኑ። እሳቸው ግን ፖሊስ ሆኑ። ሥራቸው ሽጉጥና ጥይት ለየጣቢያው ከመታደሉ በፊት ከከተማው ወጣ ብሎ ጉብታ ሥር ባለው ሜዳ ተኩሶ መፈተሽ ነበር። አፈሙዙን ይወለውላሉ፣ ካዝናውን አውጥተው ሞላውን በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል፣ ከዚያ ከየጥይት ሳጥኑ ጥቂት አንሥተው ይተኩሳሉ። ጥይት ሲከሽፍ ማናችንም ቶሎ እንድንነካው አይፈቅዱም። «ሞቷል ያላችሁ ማነው? አፈሙዙን ወደ ጉብታው አድርጋችሁ ጠብቁት!» ይሉን ነበር።

አንድ ጊዜ አንዲት ምልምል ድምፁ አስደንግጧት ሽጉጡን አስቀምጣ አለቀሰች። የሳቁባትን ከሜዳው አስወጡና ከጎኗ ቆሙ። «እኔም እስከ ዛሬ እደነግጣለሁ» አሏት። «የማይደነግጥ ሰው አጠገቤ መሣሪያ ባይዝ እመርጣለሁ።» ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ ተኮሰች።

ስለ እሳቸው ስጽፍ ግን የአስረስን ነገር ዘልዬ ማለፍ አልችልም። አስረስ በአምባ ጊዮርጊስ መንገድ ኬላ የሚጠብቅ ፖሊስ ነበር። አንድ ቀን ዘራፊዎች ሚኒባስ አስቁመው ተሳፋሪ ሲያንገላቱ ደረሰባቸው። ሽጉጡን መዝዞ ቃታውን ሳበ፤ ጥይቱ ከሸፈ። እነሱ ግን ተኮሱ። ነፍሱ ብትተርፍም አንድ እግሩ ተቆረጠ። ገና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ምርመራ ተጀመረና «ሽጉጡን ሳያጸዳ ቀርቶ ነው» የሚል ወሬ ተነሣ።

ወሬው ሜዳችን ሲደርስ የጋሽ ሙሂዲን ፊት ተለወጠ። ጥይቱ የወጣው እሳቸው ፈትሸው ካሳለፉት ሳጥን ነበር። የቀረውን ከግምጃ ቤት አስመጥተው አብረን ተኮስነው። ከላይ ያለው ሁሉ ፈነዳ። የታችኛውን ግን እርጥበት ነክቶት ኖሮ አንዱ ከሸፈ፣ ተከታዩም ከሸፈ። ሽጉጡን አራግፈው አስቀመጡና መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ከላይ ከላይ ነበር ያነሣሁት» አሉ። «ዝናብ ሊመጣ ነው ብዬ ቸኮልኩ። እስከ ታች አልወረድኩም።»

አለቃችን ይህን ሲሰማ «ማንም አልጠየቀዎትም፣ ጡረታዎም ተቃርቧል፤ ዝም ይበሉ» አላቸው።

«እኔ ዝም ብል፣ ልጁስ?» አሉት።

መርማሪዎቹ ዘንድ ራሳቸው ቀርበው ተናገሩ። የአስረስ ስም ጸዳ። እሳቸው ከሜዳው ተነሥተው እስከ ጡረታቸው ድረስ የቢሮ በር ጥበቃ ላይ ተመደቡ። አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም። ሰማዩ ሲያጉረመርም ግን የጀመሩትን ወሬ አቋርጠው ደመናውን ያዩ ነበር።

አስረስ እውነቱን በሌላ ሰው አፍ እንዲሰማ ስላልፈለጉ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ አብረን ሄድን። እናቱ በር ላይ ተቀበሉን። «ግቡ እንጂ፣ ምነው ደጅ ቆማችሁ?» አሉን። አስረስ መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጋሽ ሙሂዲን ሳይቀመጡ ተናገሩ፦

«ያንን ጥይት ደህና ነው ብዬ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ሽጉጥህ ንጹሕ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አስረስ ቀና አለ። «እና ምን ላድርግልህ አያ? እግሬን ይዘህልኝ መጣህ?»

«አልያዝኩም።»

«እንግዲያው ሂድልኝ።»

እናቱ «ኧረ ልጄ፣ እንግዳ አይደሉም ወይ!» ብለው ሊቆጡት ሲሉ ጋሽ ሙሂዲን ከለከሏቸው። «ተይው እናቴ፣ እውነቱን ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ጤናቸው እስኪከዳቸው ድረስ እዚያ ቤት መመላለሳቸውን አልተዉም። አስረስ አንዳንዴ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፣ አንዳንዴ ሰላምታ ብቻ ይመልሳል። እሳቸው ብብቱን እንዳይልጠው የምርኩዙን ጫፍ በቆዳ ለብጠውለት ይመለሳሉ። «ይቅርታ ለምነውት ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አልለምነውም» አሉኝ። «ከለመንኩት መልስ ሊሰጠኝ ይገደዳል። የእኔን ልብ ለማቅለል ብዬ እሱ ላይ ሌላ ሸክም አልጨምርም።»

አስረስ መርዶውን ሰምቶ ሲደርስ ቀብሩ አልፎ ነበር። ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ውስጥ ብዙ ከተቀመጠ በኋላ ወደ ውጭ ጠራኝ።

«ይቅር ልለው ካሰብኩ ቆይቻለሁ» አለኝ። «እሱ ባይነግረኝ ኖሮ እግሬን ያጣሁት በራሴ ጥፋት ነው ብዬ ዕድሜ ልኬን እኖር ነበር። ይህን አውቃለሁ። ግን በሩ ላይ ሳየው ንዴቴ ይመለሳል። ሲሄድ ይጸጽተኛል። ለሚቀጥለው አመጣጡ፣ ለሚቀጥለው እያልኩ አቆየሁት። አሁን በደለኛው እኔ ሆንኩ። አንቺ አብረሽው መጥተሽ ነበር፤ ንገሪልኝ።»

«ለማን ልንገርልህ?» አልኩት።

አቀርቅሮ አለቀሰ።

ጋሽ ሙሂዲን፣ በሕይወት ሳሉ ከማናችንም አፍ ሊሰሙት የሚገባዎትን የምስጋናና የይቅርታ ቃል ሳይሰሙ ሄዱ። የቸኮሉት አንድ ቀን ነበር፤ እኛ ሁላችን ግን ዘገየን። መልእክቱን የት እንደማደርስ ባላውቅም አደራ ተቀብያለሁና በሚያውቁዎት ሁሉ ፊት እነግርዎታለሁ፦ አስረስ ይቅር ብሎዎታል። እርስዎም ይቅር ይበሉት። በሰላም ይረፉ።