ያልሰነበተ ጭቃ

ደሞዜ ቤት ሠሪ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ እብናት በሚወስደው መንገድ የእሱ እጅ ያላረፈበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ክፉ አመሉ አንድ ብቻ ነው፤ ከጭድ ጋር ተረግጦ ሳምንት ያልሰነበተ ጭቃ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ ሰው ካየ፣ የማንም ቤት ይሁን የማን፣ ቆሞ ይሳደባል።

በ1979 ዓ.ም. መንደር ምሥረታ መጣ። ሰዉ ቤቱን አፍርሶ፣ እንጨቱን ተሸክሞ፣ ሜዳ ላይ በገመድ በተሰመረ መስመር እንዲሰፍር ታዘዘ። ደሞዜም የሠራቸውን ቤቶች በገዛ እጁ ያፈርስ ጀመር። የአሮጊቷን የእማማ አሰለፈችን ቤት ቋሚዎች ሲነቅል፣ ከሃያ ዓመት በፊት በእሳት ለብልቦ የቀበረው ጫፍ ምስጥ ሳይነካው ወጣ። ደስ ግን አላለውም፤ አፈሩን በመዳፉ ጠርጎ ከሸክሙ ጋር አሰረው።

ይባስ ብሎ ለእማማ የደረሳቸው ቦታ ክረምት ውኃ የሚተኛበት ዋልካ ነው። ጧሪ የላቸውም፤ ቤቱ ከወደቀ የሚያነሣላቸው የለም።

«ጓድ፣ አሥር እርምጃ ወደ ላይ ብናወጣው ምን ይመስልዎታል?» አለ መስመሩን ያሰመረውን ካድሬ።

«መስመሩ ይበላሻል! በሰኔ ጎብኚዎች ይመጣሉ። ደግሞስ አንተ ማነህ አብዮቱን የምታርም?»

እንዲህ የተጠየቀ ሰው በዚያ ዘመን አይከራከርም፤ ደሞዜም ወደ ሥራው ተመለሰ። ግን ከመስመሩ ሳይወጣ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ መሠረት ገነባ፣ ዙሪያውን ቦይ ቆፈረ፣ ታዛውን አንድ ክንድ አስረዘመ፣ ጭቃውንም በወጉ አሰነበተ። የራሱ ቤት ግን ማገሩ እንዳፈጠጠ ቀረ። ሚስቱ ሙሉሐብት «የኛስ?» እያለች ወተወተችው። ጎብኚዎቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር፣ ጠዋት የረገጠውን ጭቃ ከሰዓት በኋላ ለጠፈው። ያ ሰውን ሁሉ ተሳዳቢ፣ ሲለጥፍ ቀና ብሎ ሰው አላየም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ በእኩለ ቀን፣ ዝናቡ የደሞዜን ግድግዳ ሙልጭ አድርጎ አወረደው። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ባልና ሚስት የዱቄታቸውን አቁማዳ ይዘው ወደ እማማ አሰለፈች ሮጡ። ሙሉሐብት ዘው ብላ ገባች። እሱ ግን አፍሮ ደጅ ቆሞ ቀረ፤ ዝናቡ ይወርድበታል።

«ምን ይገትርሃል? ግባ እንጂ!» አሉ እማማ ብቅ ብለው።

«እማማ፣ ያልሰነበተ ጭቃ ለጠፍኩ እኮ።»

«አይቼሃለሁ። ለኔ ስትለፋ ጊዜ አጥተህ ነው።»

እጁን ይዘው አስገቡት። ደሞዜ መጀመሪያ ያደረገው መዳፉን ግድግዳው ላይ ማሳረፍ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች ዳበሰው።

«እሱ ደኅና ነው» አሉት ነጠላቸውን እያለበሱት፤ «በዝናብ የራስከው አንተ ነህ።»