ክፍቱ ወይስ የታሰረው?

«ጋሼ፣ ክፍቱ ይሻልዎታል ወይስ የሚዘጋው?» አለኝ ጀልባ ቀዛፊው። እንባዬ መጣ።

ዛሬ ከመካነ ሰላም ወርደን ዓባይ ድልድይ ሥር ነበርን። ሁለት ጠባብ ጀልባ ይዘው ለመዝናናት የመጡ ሰዎች አገኘን። አንዱ ጀልባ ከላይ ክፍት ነው፤ ሌላው የተቀመጠውን ሰው ወገቡ ላይ ይዘጋበታል።

በዓባይ የሚዝናና ሰው ለማየትም በቃሁ።

ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ዓመት ሲቀራቸው፣ በዚያ የረሃብ ክረምት፣ እማ «ጎጃም እህል አለ» ሲሏት እኔንና ታናሽ እህቴን ዘሃራን ይዛ እዚሁ ወረደች።

ያኔ ድልድይ የለም። አሻጋሪው ሰውን በበሬ ቆዳ ጠቅልሎ፣ እየዋኘ ይጎትታል። እሱም ጠየቃት፤ «የቆዳውን አፍ ክፍት ልተወው ወይስ እስከ ልጆቹ አንገት ድረስ ላስረው? ክፍቱ ውሃ ያስገባል።»

«ትንሿ ውሃ የምትጨልፍበት አቅም የላትም፤ ለሷ እሰርላት» አለች እማ።

ለእኔ ክፍቱ ደረሰኝ። የሚገባውን ውሃ በቅል እየጨለፍኩ ተሻገርኩ።

ዘሃራ የታሰረችበት ቆዳ ወንዙ መሀል ላይ ተገለበጠ። አሻጋሪው ሊፈታት ታገለ፤ የረጠበ ጠፍር ግን በእጅ አይፈታም።

እማ ከዚያ ወዲህ እስክትሞት ድረስ የአቁማዳ አፍ አስራ አታውቅም። እህሉ ይፈስ ነበር፤ እየለቀምን እንመልሰዋለን።

ቀዛፊውን «ይቅርብኝ ልጄ» ብዬ በድልድዩ በእግሬ ተሻገርኩ።

በዚያ ዘመን ወንዝ ላይ የቀረባችሁ ሰው ካለ፣ ስሙን ከታች ጻፉልኝ። እኔ ልጀምር፦ ዘሃራ።