ጥለቱ ወደ ላይ

ረገንስዶርፍ ባለው አንድ ክፍል ቤቴ፣ ካልሲ በማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ፣ መዳፍ የሚያክል የእንጨት ማኅተም አለ። ሕንዶች ቀለም እየነከሩ ጨርቅ ላይ አበባና ሐረግ የሚያትሙበት፣ ከጀርባው እጀታ ያለው ነው። የእኔው ላይ የተቀረጸው ግን የሕንድ አበባ ሳይሆን የነጠላ ጥለት ነው። ስንት ጊዜ ልጥለው ተነስቻለሁ። ዙሪክ አካባቢ ደግሞ ቆሻሻ መጣልም ሕግ አለው፤ ወረቀት በዚህ ቀን፣ እንጨት እዚያ ቦታ ይባላል። እሱን ሰበብ አድርጌ መልሼ ካልሲዬ ሥር እከተዋለሁ። በነካሁት ቁጥር የሚወስደኝ ወደ ሕንድ አይደለም። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ወደኖርንበት፣ ጄኔቫ ጥግ ላንሲ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው የእናቴ ቤት ነው።

እናቴ ጄኔቫ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ተኳሽ ነበረች። ከሥራ ስትመለስ የትኩስ ጥጥና የሳሙና ሽታ ይዛ ትገባለች። አንገቷ ሥር ገብቼ ሳሸታት፣ «ልቀቂኝ እስቲ፣ ደክሞኛል» እያለች ራሷ ጠበቅ አድርጋ ታቅፈኛለች። ረቡዕ ረቡዕ ትምህርት አልነበረም። ከሕንጻው ልጆች ጋር ደረጃው ሥር ላስቲክ ስንዘል እንቆይና፣ ሲሰለቸኝ ቤት ገብቼ በወንበር እወጣና ቁም ሣጥኑ ላይ የተቀመጠውን ሰማያዊ ሻንጣ አወርዳለሁ። ውስጡ የእናቴ ነጠላዎች አሉ፤ ደረቅ አሪቲ በመሃላቸው ስለምታስቀምጥ ሻንጣው ሲከፈት ክፍሉ ሁሉ ይታወዳል። አንዱን እለብስና መስታወት ፊት ንግሥት እሆናለሁ። ነጠላ ላይ ቀለም ያለው ጥለቱ ብቻ ነው፤ ታዲያ እግሬ ሥር ሆኖ ማን ያየዋል? ወደ ላይ ገልብጬ አንገቴ ላይ አደርገው ነበር። ለልጅ የሚያምረው ነገር ቦታው ፊት ለፊት ነው።

አንድ የኅዳር ጽዮን ዕለት ነው። ያኔ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረን ቅዳሴው ከፈረንጆቹ በተዋስነው አዳራሽ ውስጥ ነበር። እናቴ ቀድማ ገብታ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ካፖርቴን አውልቄ፣ ነጠላዬን እንደ ረቡዕ ጨዋታዬ ጥለቱን አንገቴ ላይ አድርጌ፣ ቀጥ ብዬ በመሃል ገባሁ። አንዲት ሴትዮ ደረቷን ይዛ «ውይ! የማን መርዶ ነው?» አለች። ሌሎቹም ዞሩ። የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። በሁለት እርምጃ ደርሳ ነጠላውን ከላዬ ገፈፈችና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በጥፊ አለችኝ። «ማን ሞተብሽ? ንገሪኝ እስቲ፣ ማን ሞተብሽ?» ከዚያ በፊት እጇን አንስታብኝ አታውቅም ነበር። ማንም አልሞተብኝማ።

ቤት ስንገባ አልጋው ላይ አስቀምጣ የነጠላ አለባበስ አስተማረችኝ። ለበዓል ጥለቱ ወደ ታች፣ ለቅዳሴ መስቀለኛ፣ ለሐዘን ተዘቅዝቆ ጥለቱ ወደ ላይ። «ጥለቱ አንገት ላይ ከወጣ ሰው ሞቷል። አፍ ባይናገር ልብሱ ይናገራል» አለችኝ። ከዚያ ስለ አያቴ ነገረችኝ። እሷ ጄኔቫ እንደገባች፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ፔርሚ የምንለውን፣ ገና ሳትይዝ፣ አዲስ አበባ ያለችው እናቷ ሞተች። ቀድማት የመጣችው ታላቅ እህቷ እቴቴ ጽጌ ወሬውን ሰማች፤ ግን «ወረቀቷን ትያዝ፣ አሁን ልቧ አይሰበር» ብላ ደበቀቻት። ውጭ ጥቁር ለብሳ እያለቀሰች፣ እህቷ ዘንድ ስትመጣ ልብስ እየቀየረች ነበር አሉ። «ስምንት ወር እናቴ ሞታ ስስቅ ኖርኩ» አለች እናቴ። «ስልክ ደውዬ አቅርቡልኝ ስል ገበያ ሄዳለች ይሉኛል። ስምንት ወር ሙሉ ገበያ!» አገጬን ይዛ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «አንቺን ግን ማንም እንዲህ አያደርግሽም።» ጉንጬ ገና እየጋለ አመንኳት።

ከልብስ ጋር የተጣበቅኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ይመስለኛል። አድጌ ዙሪክ ፋሽን ዲዛይን ገባሁ፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ለአንድ ሴሚስተር ሕንድ አገር፣ ጃይፑር የመማር ዕድል ደረሰኝ። እናቴን ልቧ ያስቸግራት ጀምሮ ነበርና ልቅር ስላት ተቆጣች። «የእኔ ልብ አንቺን ዘበኛ አይፈልግም። ሂጂ፣ የሰው አገር ጨርቅ አይተሽ ነይ» አለችኝ። እቴቴ ጽጌም ከምትኖርበት ከተማ ከቨርሷ መጥታ «እኔ አለሁ አይደል እንዴ? ለአምስት ወር!» ብላ አሳቀችን። ሄድኩ።

ጃይፑርን ወደድኳት፤ አሁን ሳስበው መውደዴ ራሱ ያሳፍረኛል። ጠዋት ጠዋት በባጃጅ ታጭቄ ከከተማው ውጭ ወዳለው የአታሚዎች ሰፈር እሄዳለሁ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጥጥ ተዘርግቷል፤ ሰዎቹ ማኅተሙን ቀለም ያስነኩትና ጨርቁ ላይ አሳርፈው በቡጢ ይመቱታል። ጧ! አንድ እርምጃ፣ እንደገና ጧ! ሙቀቱ የጫማ ሶል ያቀልጣል። ሜዳው ላይ የተሰጣው ጨርቅ ሲደርቅ ጭቃም ኮምጣጤም የሚመስል ሽታ አለው፤ ጸጉሬ ውስጥ ገብቶ አብሮኝ ያድር ነበር። ምሳ ሲደርስ አብሬያቸው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ በእጄ ስጎርስ አይተው፣ «አንቺማ የእኛ ነሽ» አሉኝ። ስዊዘርላንድ ተወልጄ አድጌ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም።

ያከራየችኝ ሴትዮ ባሏ የሞተባት፣ ዘወትር ነጭ ሳሪ የምትለብስ አሮጊት ነበረች፤ ሰፈሩ ሁሉ አንቲ ስለሚላት እኔም አንቲ አልኳት። የፋሲካ ዕለት ነጭ የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ከክፍሌ ስወጣ የያዘችው ሳሕን ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ማን ሞተብሽ?» አለችኝ። በእነሱ አገር ከላይ እስከ ታች ነጭ የሐዘን ልብስ ነው፣ ያውም ባል የሞተባት ሴት የምትለብሰው። እኔ ሳቄ መጣ። ዕድሜ ለእናቴ ጥፊ፣ እንደ ፕሮፌሰር አስረዳኋት። እኛ ዘንድ ነጭ ደስታ ነው፤ ሐዘን የሚታወቀው ጥለቱ ወደ ላይ ሲሆን ነው፣ እያልኩ ነጠላዬን ገልብጬ ሳይቀር አሳየኋት። በማግስቱ ይህንኑ ጽፌ ለመምህሬ ሰጠሁና ተመሰገንኩ። በፋሲካው ዕለት ከሰዓት በኋላ እናቴ በቪዲዮ ደውላ ነበር። ቀሚሴን ዞር ዞር እያልኩ አሳየኋት። «ነጠላሽ ተንጋዷል፣ አስተካክዪው» አለችኝ። ከእሷ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።

በሳምንቱ ስደውል አላነሳችም። መልእክት መጣ፤ ጉሮሮዬን ታምሜ ድምፄ ተዘግቷል፣ ሐኪሙ አትናገሪ ብሎኛል፣ ደህና ነኝ ይላል። አመንኩ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከስልኳ «በርቺ ልጄ» የሚል ይደርሰኝ ጀመር። እናቴ በዕድሜዋ በርቺ ብላኝ አታውቅም፤ የእሷ ቃል «አትስነፊ» ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ?

ደግሞ አንድ ቀን በቪዲዮ ደወልኩ። እቴቴ ጽጌ አነሳች፤ ያለችው እናቴ ቤት፣ ላንሲ ነው። ከኋላዋ የሰው ድምፅ ይሰማል፣ ዓይኗ ቀልቷል። «ምነው?» አልኳት። «እናትሽን የማርያም ማኅበር ተራ ደርሷት ነው። ሽንኩርት ስከትፍ ነበር። እናትሽ ጋደም ብላለች» አለችኝ። ነጠላ ለብሳለች። ጥለቱ አንገቷ ላይ ነው። እኔ ያየሁት ግን ቀለሙን ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ በመሃሉ ሰንሰለት የመሰለ ቀጭን ጥልፍ። ለመጨረሻው ፈተናዬ ምን ዓይነት ማኅተም ላስቀርጽ እያልኩ ሳምንት ሙሉ ስጨነቅ የከረምኩት ልጅ፣ «እቴቴ፣ ጥለቱ እንዴት ያምራል! ወደ ስልኩ ጠጋ አድርጊልኝ እስቲ» አልኳት። እጇ ወደ ነጠላዋ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ ቀስ ብላ አስጠጋችልኝ፤ ፎቶ አነሳሁት። የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። እኔ ስልስ ነበር።

ፎቶውን ይዤ ወደ ቀራጩ ሄድኩ። መነጽሩን በክር ያሰረ፣ ቃል የማያባክን ሽማግሌ ነው። እንጨቱን ከመንካቱ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ቀሚሱ ላይ የሚያርፈው የት ነው፣ ታች ጠርዙ ላይ ነው ወይስ አንገቱ ላይ? ለአንገት ከሆነ እንጨቱ ትንሽ መጉበጥ አለበት። ፎቶውን አንዴ አየሁና «አንገቱ ላይ» አልኩት። በአፌ ነው ያልኩት። ነጭ ጥጥ ላይ አትሜ ሁለት ቀሚስ ሰፋሁ፣ አንዱን ለፈተናው፣ ሌላውን ለእናቴ ስጦታ። መምህራኑ ሐዘን የመሰለ ውበት አለው ብለው ከፍተኛውን ማርክ ሰጡኝ። ፈረንጅና ሕንድ ያየውን እኔ አላየሁም።

እናቴን ላስደንቃት ብዬ የፈተናውን ቀሚስ ለብሼ ጄኔቫ ገባሁ። ለካ ነገሩ ሁሉ ተዘጋጅቷል። ቨርሷ ወስደው ሊያሳርፉኝና በማግስቱ ገና ሳይነጋ ቄሱና ጎረቤቱ መጥተው እንደ ወጉ ሊያረዱኝ ነበር። የመንገደኞች መውጫ በሩ ሲከፈት እቴቴ ጽጌ ብቻዋን ቆማለች። ቀይ ሹራብ ለብሳለች፤ እንዳልጠረጥር። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና ዓይኗ አንገቴ ላይ ቆመ። ከዚያ በዚያ ሁሉ መንገደኛ መሃል ደረቷን መድቃት ጀመረች። «አውቀሻል! ልጄን፣ ልጄን! አውቀሽ በሰው አገር ብቻሽን ስታለቅሺ ከረምሽ!»

«ምኑን?» አልኳት።

እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ቀረ። አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ሰውዬ መጥቶ «ሳ ቫ፣ ማዳም?» እያለ ደህና መሆኗን ይጠይቃታል። እሷ እኔን ታያለች፣ እኔ የራሴን አንገት እያየሁ ነው። እናቴ መሞቷን የሰማሁት እንዲህ ነው፤ ያረዳኝ በእጄ የሰፋሁት ቀሚስ ነው። ከተቀበረች አርባዋ እንኳ አልፎ ነበር።

እቴቴ ጽጌ በኋላ እያለቀሰች ነገረችኝ። «ያን ቀን ስትደውዪ ነጠላዬን ላቃና እጄን ሰድጄ ነበር፤ ተውኩት። በአፌ መናገር አቃተኝ፤ ትየው አልኩ። እናትሽ አስተምራሻለች፣ ታውቂዋለሽ ብዬ። አንቺ ያምራል አልሽኝ። ከዚያ ይህን ለብሰሽ ስትመጪ፣ ያኔ ገብቷት ነው፣ እንዳልጨነቅ ብላ ደብቃኝ ነው መሰለኝ።» ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ደበቅሽኝ ስላት፣ «እናትሽ ናት ፈተናዋን ትጨርስ ያለችኝ፤ ማርያምን!» አለች። ስምንት ወር የሳቀችዋ እናቴ? ጉንጬን አግላ ቃል የገባችልኝ? አላመንኩም። ግን ማንን ልጠይቅ? እናቴ ገበያ ሄዳለች።

ሦስት ዓመት ቨርሷን አልረገጥኩም። አሁን እሄዳለሁ፤ እቴቴ አርጅታለች፣ ለእኔም ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም። «በልተሻል ወይ?» ስትለኝ በልቻለሁ እላለሁ። ይቅር ብያታለሁ ብል ግን ውሸት ነው። ራሴንም ይቅር አላልኩ። እሷ የደበቀችውን በመጨረሻ አንገቷ ላይ አውጥታ አሳይታኛለች፤ ልብስ ማንበብ የተማርኩት፣ በጥፊ የተማርኩት እኔ ነኝ ያላነበብኩት።

ለእናቴ የሰፋሁትን ቀሚስ መቃብሯ ድረስ ወስጄ መልሼ አመጣሁት፤ እዚህ አገር መቃብር ላይ ልብስ አይተውም። ዛሬ ዙሪክ ውስጥ የሙሽራ ልብስ አስተካክላለሁ፤ ቀኑን ሙሉ በነጭ ጨርቅ መሃል ካውያ ይዤ ስውል፣ ከሥራ ስወጣ እንደ እሷ እሸታለሁ። በሙት ዓመቷ ወደ ጄኔቫ ስሄድ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ነው ባቡር የምሳፈረው። ዘንድሮ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች አንዲት ደግ ፊት ያላት አሮጊት በጣቷ ወደ አንገቴ እያመለከተች «ሾን!» አለችኝ። ያምራል ማለቷ ነው። ልቆጣት አልቻልኩም፣ በምን አፌ? «ዳንከ» ብዬ አመስግኜ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ልጅ ሆኜ፣ ማንም ሳይሞትብኝ፣ «ማን ሞተብሽ?» ብላ የምትመታኝ እናት ነበረችኝ። አሁን እናቴ ሞታብኝ፣ ጥለቱ አንገቴ ላይ ወጥቶ፣ ሰው የሚለኝ ያምራል ነው።