ሽቶ ተቀብቶ ለቅሶ የሄደው ባሌ

ባሌ ጢሙን በየማለዳው ይላጭ ነበር። በዚያ ዘመን ሆሳዕና ውስጥ በየቀኑ የሚላጭ ሰው ቢፈለግ እሱና ዓረቡ ባለሱቅ ብቻ ነበሩ፤ ዓረቡም ቢሆን አንዳንድ ቀን ይሰንፋል። ባሌ ግን ዝናብም ቢጥል ብርድም ቢሆን፣ መስታወቱን ጓሮ ካለው ምሰሶ ላይ ሰቅሎ ይቆማል። ውሃውን አሙቄ ሳህኑን ይዤ የምቆመው እኔ ነኝ። አረፋውን ይቀባል፣ ምላጩን ያነሳል፣ ጉንጩን ነፍቶ ይላጫል። በመጨረሻ ከዓረቡ ሱቅ ከገዛው ኮሎኝ መዳፉ ላይ ጠብ ያደርግና ጉንጩን ግራና ቀኝ በጥፊ ይመታል። ሲያቃጥለው «እሰይ!» ይላል። ሽታው የሎሚ ልጣጭ ይመስላል። እስከ ዛሬ ሎሚ አልወድም።

ያኔ «አንቱ» ነበር የምለው። አሁን «እሱ» እያልኩ ስጽፍ ነውር ነው የሚል ካለ ይበል፤ እኔ ይህን ያህል ዕድሜ የኖርኩት ሰው ለመፍራት አይደለም። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ከወንዶቹ ጋር ፊደል አስቆጥረውኛል። ባሌ ደግሞ የግዛቱ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር። አባቶቻችን ከሰሜን አብረው የመጡ ናቸውና ያጋቡንም እነሱው ናቸው።

እናቴ እኛው ቤት ሳለች ሞተች። በእኛ ወግ፣ ቤቱ ሐዘን የገባበት ወንድ ቢያንስ እስከ አርባው ድረስ ምላጭ አያስነካም፤ ጢሙ ማደጉ ለሟች ክብር ነው። ሽቶማ ጭራሽ አይታሰብም። ባሌ ግን በሣልስቱ፣ ለቀስተኛው ቤት ሞልቶ ተቀምጦ ሳለ፣ «ውሃ አሙቂልኝ» አለኝ።

«ኧረ ሰው ምን ይላል?» አልኩት።

«የሞተችው ያንቺ እናት ናት። እኔ ቢሮ አለብኝ» አለኝ።

ተላጨ። ጉንጩንም ጠፈጠፈ። ከዚያ በለቀስተኛው መሀል ያንን ሎሚውን እየተወ አለፈ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሲሸፍኑ አየሁ፤ አንዷም የእናቴን ሙሾ ትታ አንገቷን ደፋች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ ያን ዕለት ቂም ያዝኩ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ፤ እኔ ግን ቂሜን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ስመላለስ አንድም ቀን አላሳለኝም።

ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነበር። የባሌ አለቃ ባላምባራስ፣ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ ነበረቻቸው። ባሌ በየእሑዱ እሳቸው ቤት ደጅ ሊጠና ይሄድ ጀመር። ነገሩን አልደበቀኝም። «ልጅ አልወለድሽልኝም። ባላምባራስ እሺ ካሉኝ ዱራሜ ወንድምሽ ጋ ትሄጃለሽ» አለኝ። እሺ እስኪሉ ድረስ ግን ወጡን እየሠራሁ፣ የመላጫ ውሃውን እያሞቅሁ እንድቆይ ነው። እኔ ከቤቴ ስወጣ ለምትገባዋ ሴት ባሌን የማሳምረው እኔው ሆንኩ። ይህን የምታውቅ ሴት ታውቀዋለች፤ የማታውቅም አትወቀው።

ባላምባራስ መልስ እሰጥሃለሁ ያሉት እሑድ ነጋ። ባሌ ጓሮ ሆኖ ፊቱን አረፋ ተቀብቷል። የአጥሩ በር ተንኳኳና ወጣሁ። የባላምባራስ አሽከር ነው፤ ሮጦ ኖሮ ያለከልካል።

«የጌታዬ እናት ሌሊት ድንገት አረፉ። ለባልሽ ንገሪ። እኔ ብዙ ቤት ይቀረኛል» አለኝ።

«ነፍስ ይማር። እነግራለሁ» አልኩት። ስለውም ልነግረው ነበር፤ እውነቴን ነው። በሩን ዘግቼ ጓሮ ስደርስ ግን ምላጩን ጉንጩ ላይ አድርጎ ያፏጫል።

«ማነው?»

«ቆጮ ሻጯ ናት» አልኩት።

ተላጭቶ ሲጨርስ ጠርሙሱን አነሳሁና «ዛሬማ ትልቅ ቀን አይደል፣ ይጨምሩበት» ብዬ ራሴ መዳፉ ላይ ገለበጥኩለት። አንገቱን ሁሉ ተቀባ። ነጭ በነጭ ለብሶ በቅሎው ላይ ወጣ። እኔም ከኋላው ጥቁሬን ለበስኩና ከጎረቤት ሴቶች ጋር በእግሬ ተከተልኩት።

የባላምባራስ ቤት በሌሞ መንገድ ከጉብታው ማዶ ስለሆነ፣ ዋይታው የሚሰማው ጉብታውን ሲያልፉ ነው። ባሌ ሲሰማው ከደጅ የቆሙት ሰዎች አይተውታል፤ መመለስ የለም። እኛ ስንደርስ ባርኔጣውን ጥሎ፣ ጫማውን አውልቆ መሬት ላይ ይንከባለላል። አፈር ጭንቅላቱ ላይ ይነሰንሳል። «እናቴን! እመቤቴን!» ይላል። እንዲህ የሚያለቅስ አላውቅም ነበር፤ እንባውም እውነተኛ እንባ ነው። አፈሩ ነጭ ልብሱን ደህና አድርጎ አቆሸሸለት። ሎሚው ግን በአፈር አይሸፈንም፣ በእንባም አይታጠብም።

ተነሥቶ ባላምባራስን ሊያቅፍ ተጠጋ። ጢማቸው ያልተበጠረው፣ ዓይናቸው የቀላው ሽማግሌ እጃቸውን ደረቱ ላይ አድርገው ገፋ አደረጉትና አሸተቱት። ለቅሶው ጋብ አለ።

«መርዶውን መቼ ሰማህ?» አሉት።

እዚህ ላይ እውነቱን ቢናገር ይድን ነበር። «አልሰማሁም ጌታዬ፤ ደጅ ልጠና ነው የመጣሁ» ቢል ማን ይፈርድበታል? ባሌ ግን በሹም ፊት እውነት ተናግሮ አያውቅም፤ ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ ለማለት ቸኮለ።

«ገና ጎህ ሲቀድ ነው የሰማሁት ጌታዬ! እንደሰማሁ ሳልቀመጥ መጣሁ!»

አሽከሩም ከጥግ ሆኖ «አዎ፣ ሲነጋ ቤቱ ሄጄ ተናግሬያለሁ» አለ። እግዜር ይስጠው።

ባላምባራስ የባሌን የጸዳ አገጭ ትክ ብለው ተመለከቱት። «የእናቴን ሞት ከሰማህ በኋላ ነዋ የተላጨኸው» አሉ። ዞረው ከሰዎቻቸው መሀል ተቀመጡ፤ ባሌ የሚቀመጥበት ቦታም አልተገኘም። እኔ ከሴቶቹ ጋር ሆኜ አለቀስኩ። ውስጤ ግን እልል ይል ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ?

አርባው ሳይወጣ ልጅቱ ለሌላ እንደታጨች ተሰማ። ጽሕፈት ቤትም ሰላምታ የሚመልስለት ጠፋ። ያኔ ነው አንድ ቀን ማታ፣ ጢሙን አጎፍሮ፣ ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ሥር የወደቀው። እኔም ልለየው ቆርጬ፣ ወንድሜ ከዱራሜ መጥቶ በቅሎ እየጫነልኝ ነበር።

«ባላምባራስ ዘንድ ሄደሽ መርዶውን እንዳልነገርሽኝ መስክሪልኝ። እኔ አልሰማሁም ነበር። ካንቺ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ድንጋዩን ከጫንቃው አላወረድኩለትም።

«እርስዎ ራስዎ ጎህ ሲቀድ ሰማሁ ብለዋል። እኔ ባሌን በሰው ፊት ውሸታም አላደርግም» አልኩት።