ፌሊሳና የለቅሶው እሑድ

ፌሊሳን ተቀምጣ ያያት ሰው ቶንዶ በሚባለው ሰፈር ውስጥ የለም። የዓሣ ጥብስ የምትሸጥበትን ጋሪ እየገፋች እንኳ ዓይኗ የሚፈልገው የሰፈሩን ልጃገረዶች ነው፤ መረብ ኳስ የምታሠለጥናቸው እሷ ናትና። ሜዳው ሳምንቱን ሙሉ ቅርጫት ኳስ በሚጫወቱ ወንዶች የተያዘ ነው። ለሴቶቹ እሑድ ጠዋትን ያስፈቀደችው የሰፈሩን ሹም ደጅ ስትጠና ከርማ ነው።

ሞት ደግሞ ቀን አይመርጥም። የመጀመሪያ ግጥሚያቸው ሲቃረብ የሰፈሩ ሽማግሌ ማንግ ቴባን ሞቱና አስከሬናቸው እንደ ሰፈሩ ወግ ሜዳው ላይ፣ ቅርጫቱ ሥር ዐረፈ። ልጃቸው ከሳውዲ ሰኞ እስክትገባ አይነሣም። እሑድ መጫወቻ ቦታ ያላዘጋጀ ቡድን ደግሞ ከውድድሩ ይሰረዛል። ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ በራቸው ላይ ተቀምጠው፣ «እነዚህ ኳሷን መረብ ካሻገሩ ሞቼም ቢሆን ተነሥቼ አጨበጭባለሁ» እያሉ ልጆቹን ያበሽቁ ነበር።

ፌሊሳ ለቅሶ እየደረሰች፣ አስከሬኑ ለእሑድ ጠዋት ብቻ ፈቀቅ እንዲልላት ልትጠይቅ ታስባለች፤ ቃሉ አፏ ላይ ሲደርስ ድፍረቷ ይከዳታል። ቁጭ ብድግ ትላለች።

«ምን ሆነሻል? ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?» አሏት የሟች ሚስት፣ አሊንግ ሳቤል፣ ካርታ ለሚጫወቱት ለቀስተኞች ብስኩት እያደሉ።

«ምንም አልሆንኩ።»

«ዝም አይነቅዝም ሲሉሽ አትመኚ፤ አንቺን እያነቀዘሽ ነው። ተናገሪ።»

ነገረቻቸው። ፊቷ በእፍረት ጋለ።

«እሱን ከቦታው አላስነሣም፤ ሌላ ሞት ይጠራል» አሉ አሮጊቷ። ከዚያ በከንፈራቸው ከሜዳው ወረድ ብሎ መንገድ ዳር ወዳለው ዳቦ ቤት ጠቆሙ። «ከለቅሶ የወጣ ሰው፣ የሟች መንፈስ እንዳይከተለው ቀጥታ ቤቱ አይገባም። ሁሉም እዚያ ነው ሲያውደለድል የሚቆየው። መረብሽን እዚያ ዘርጊ፤ ተመልካች እኔ እልክልሻለሁ።»

እሑድ ዳቦ ቤቱ ፊት የሚቆሙት ባለሦስት እግር ሞተሮች እያጉረመረሙ ቦታ ለቀቁ፤ መረቡ በሁለት የመብራት ምሰሶዎች መሐል ተወጠረ። ለቀስተኛው ዳቦውን እየገመጠ ግራና ቀኝ ተደረደረ። ተመልካች ኖሯቸው የማያውቁት ልጆች መጀመሪያ ኳሷን መምታት አቃታቸው፤ ኋላ ግን ሰዉ ስማቸውን መጥራት ሲጀምር ሌላ ሰው ሆኑ። ተሸነፉ። ቢሆንም ከውድድሩ አልተሰረዙም።

ፌሊሳ ወሬውን ይዛ ወደ ለቅሶው እየሮጠች ሄደች። አሊንግ ሳቤል ከሬሳ ሣጥኑ ጋር ብቻቸውን ነበሩ፤ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው። ለቀስተኛውን በሙሉ የወሰደችባቸው እሷ መሆኗን ያን ጊዜ አየች።

«አሸነፉ?»

«ተሸነፉ። ኳሷን ግን አሻገሩ፤ ደጋግመው።»

አሮጊቷ ሳቁ፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ዕንባ ዞረባቸው። በከንፈራቸው ወደ ሣጥኑ ጠቆሙ። «ለእሱ ንገሪው። አጨበጭባለሁ ብሎ የለ?»

ፌሊሳ ወደ ሣጥኑ ጠጋ ብላ ለሽማግሌው ነገረቻቸው። ሁለቱም ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ፌሊሳ ወንበር ስባ ከአሮጊቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ ለቀስተኛው እስኪመለስም አልተነሣችም።